ባሪቶን ዩኩሌሌ ለትዝታ የተመቸ ነው፤ ክሩን፣ ቅኝቱንና አየሩን እንወቅለት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልን። እኛ በደብረ ማርቆስ ክራርና ጊታር የምናስተምር፣ የተጎዳ መሣሪያም የምንጠግን ነን። ወጣቶች አዲስ ባሪቶን ዩኩሌሌ (ጊታር የሚመስል ባለ አራት ክር ትንሽ መሣሪያ) በደስታ ገዝተው፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ «አልቃኝ አለ»፣ «ክሩ ተበጠሰ»፣ «ተላቀቀ» እያሉ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ይተዉታል። አብዛኛው ችግር ቀድሞ በማወቅ የሚቀር ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ጽፈናል፤ ብታትሙልን ብዙ ሰው ይጠቀማል።

ደስታው እውነተኛ ደስታ ነው። አዲስ ባሪቶን ከቦርሳው ወጥቶ፣ የእንጨቱና የቫርኒሹ ሽታ ገና ሳይለቅ፣ አውራ ጣት ከወፍራሙ ክር ወደ ቀጭኑ አንዴ ሲወርድበት የሚወጣው ድምፅ ለጎጃም ጆሮ እንግዳ አይደለም። ለምን እንደሆነ ማስረዳት ይቻላል።

ዩኩሌሌ በሰፊው የሚታወቁ አራት መጠኖች አሉት፤ ሶፕራኖ፣ ኮንሰርት፣ ቴነርና ባሪቶን። ትንሹ ሶፕራኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ 53 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ባሪቶኑ 76 ገደማ ይደርሳል። የመሣሪያው ዘር የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1879 ከማዴይራ ደሴት ወደ ሃዋይ በመርከብ ከተጓዙ ፖርቱጋላውያን ጋር ነው። ባሪቶኑ ግን የኋላ ልጅ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ተሠርቶ፣ አሜሪካዊው የፕሮግራም አቅራቢ አርተር ጎድፍሬይ በቴሌቪዥን ሲጫወትበት በሰፊው ታወቀ። ሦስቱ ታናናሾች አብዛኛውን ጊዜ ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ በሚባሉት ድምፆች ሲቃኙ፣ ባሪቶኑ ከአራተኛው (ከወፍራሙ) ክር ወደ አንደኛው (ወደ ቀጭኑ) ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ተብሎ ይቃኛል። ይህ የጊታር አራቱ ቀጫጭን ክሮች ቅኝት ነው። ስለዚህ ጊታር የሚችል ሰው ባሪቶን የያዘ ዕለት ይጫወታል፤ ሁለቱን ወፍራም ክሮች መርሳት ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

አሁን ወደ ትዝታ እንምጣ። ከጂ የሚነሣ ትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች አሉት፤ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ። የባሪቶን አራቱም ባዶ ክሮች ከእነዚህ ከአምስቱ ውስጥ ናቸው። የጎደለው ኤ ብቻ ነው፤ እሱም ሦስተኛው ክር 2ኛ ፍሬት (አንገቱ ላይ በተርታ ከተተከሉት የብረት መስመሮች ሁለተኛው) ላይ ይገኛል። አራተኛው ክር ባዶውን ዲ፣ 2ኛ ፍሬት ላይ ኢ። ሦስተኛው ባዶውን ጂ፣ 2ኛው ላይ ኤ። ሁለተኛው ባዶውን ቢ፣ 3ኛው ላይ ዲ። አንደኛው ባዶውን ኢ፣ 3ኛው ላይ ጂ፣ 5ኛው ላይ ኤ፣ 7ኛው ላይ ቢ። ጀማሪ በሁለት ጣት የሚደርስበት ቅኝት ነው፤ ያልተያዙት ክሮች ቢነኩ እንኳ ከቅኝቱ አይወጡም። ከኤ ወደ ቢ ሲኬድ ባዶውን ሁለተኛ ክር ከመምታት ይልቅ፣ ሦስተኛው ክር 2ኛ ፍሬት ላይ ያረፈችውን ጣት ሳያነሡ እስከ 4ኛው ማንሸራተት ድምፁን ወደ ዘፋኝ ጉሮሮ ያቀርበዋል። የናይለን ክር ልስላሴ ለዚህ ተስማሚ ነው።

እነዚያው ጣቶች፣ እነዚያው ፍሬቶች፣ መነሻውና ማረፊያው ወደ ኢ ሲዛወር ባቲ ማይነር ይሆናሉ፤ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ። ባቲ ሜጀር ከጂ ለሚፈልግ ሦስተኛው ክር ባዶውን፣ ሁለተኛው ባዶውን፣ 1ኛና 3ኛ ፍሬቱን፣ ከዚያ አንደኛው ክር 2ኛና 3ኛ ፍሬት ይበቃዋል።

ትዝታ ማይነርና አምባሰል የሚወድ ሰው ደግሞ የክራር ደርዳሪዎችን ልማድ ይዋስ፤ ክሩን ለቅኝቱ ይለውጥ። ሁለተኛውን ክር ከቢ ወደ ቢ ፍላት፣ አንደኛውን ከኢ ወደ ኢ ፍላት፣ ሁለቱንም በግማሽ ድምፅ ማላላት ነው። አሁን ባዶ ክሮቹ ዲ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት፣ ኢ ፍላት ሆኑ፤ አራቱም የጂ ትዝታ ማይነር ድምፆች ናቸው፤ አሁንም የቀረው ኤ ብቻ ነው፤ እሱም ያው ሦስተኛው ክር 2ኛ ፍሬት ላይ ተቀምጧል። ከዲ ተነሥቶ ዲ ላይ ሲታረፍ ደግሞ እነዚሁ ድምፆች አምባሰል ናቸው። ክሩ የሚላላ እንጂ የሚወጠር ስላልሆነ መሣሪያውን አይጎዳም። ወደ ቀድሞው ሲመለስ ግን ናይለን ወዲያው አይረጋም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ መቃኘት ያስፈልጋል።

አንቺ ሆዬ ከጂ ሲነሣ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኢ ነው። በተለመደው ቅኝት ሦስተኛው ክር ባዶውንና 1ኛ ፍሬት፣ ሁለተኛው ክር 1ኛና 2ኛ ፍሬት፣ አንደኛው ክር ባዶውን። ፍሬት አንዱን ኦክታቭ (ከአንድ ድምፅ እስከ ቀጣዩ ያው ድምፅ ያለውን ርቀት) ለ12 እኩል ግማሽ ድምፆች ከፍሎ ስለሚያስቀምጥ፣ ማሲንቆ የሚያወጣው አንቺ ሆዬ እዚህ ሙሉ በሙሉ አይገኝም። ክሩን ወደ ጎን ትንሽ ገፋ ማድረግ ይረዳል፤ ናይለን ግን ለዚህ ብዙም አይታዘዝም። ይህን አውቆ መጫወት ነው የሚሻለው።

ደስታውን ቶሎ የሚያጠፋው የመጀመሪያው ነገር የስልክ መቃኛ ነው። አፕሊኬሽኑ ላይ «ዩኩሌሌ» የሚለው ሲነካ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የሶፕራኖው ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ነው። አዲስ ገዥ ያንን አምኖ የባሪቶኑን ዲ ወደ ጂ፣ ጂውን ወደ ሲ፣ ቢውን ወደ ኢ፣ ኢውን ወደ ኤ መወጠር ይጀምራል። እያንዳንዱ ክር በአምስት ግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል ማለት ነው። የክር ውጥረት ከድምፁ የንዝረት ብዛት ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ ውጥረቱ ከነበረው በሦስት አራተኛ ገደማ ይጨምራል። ክሩ ካልተበጠሰ ብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ ገላው ላይ የሚታሰሩበት እንጨት፣ ከገላው ይላቀቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ «ባሪቶን» የሚል ምርጫ ካለ እሱን፣ ከሌለ «ጊታር» የሚለውን መርጦ አራቱን ቀጫጭን ክሮች መከተል። ማንኛውንም ድምፅ የሚያሳየው «ክሮማቲክ» የሚለውም ይሠራል። ለሶፕራኖ የተጻፈ የኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ሥዕልም እንዲሁ ያሳስታል። ሶፕራኖ ላይ ሲ ሜጀር የሚባለው አያያዝ፣ ማለትም አንደኛው ክር 3ኛ ፍሬት ብቻ፣ ባሪቶን ላይ ጂ ሜጀር ነው። አራተኛው ክር 2ኛ ፍሬት ብቻ ሲያዝ ኢ ማይነር ይሆናል። በእነዚህ በሁለቱ የአንድ ጣት ኮርዶች ከላይ ያልነውን የጂ ትዝታ ማጀብ ይቻላል። ለችክችካ ምት አውራ ጣት ከስድስቱ ምቶች 1ኛውና 4ኛው ላይ ወፍራሙን ክር ይምታ፤ የቀሩትን ጠቋሚና መሃል ጣት ይሙሏቸው።

አዲስ ናይለን ክር ይለጠጣል፤ ጉድለት አይደለም። ከቃኙ በኋላ እያንዳንዱን ክር 12ኛው ፍሬት አካባቢ በጣት ይዞ ከገላው ቀስ ብሎ ወደ ላይ መሳብ፣ እንደገና መቃኘት፣ ይህንኑ ሦስት አራት ጊዜ መድገም ያፋጥነዋል። ከዚያም በኋላ ለአንድ ሁለት ሳምንት በተጫወቱ ቁጥር ቀድሞ መቃኘት ግድ ነው። ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ይቃኝ፤ ድምፁ ካለፈ ዝቅ አድርጎ እንደገና መውጣት። ከላይ ወርዶ የቆመ ክር የሚዞረው የመቃኛ ቁልፍ ጥርስ ላይ ላላ ያለ ክፍተት ስለሚተው፣ ዘፈኑ መሃል ላይ ይወርዳል።

የባሪቶን ክር ለብቻው በቀላሉ ስለማይገኝ ሲበጠስ ምን ይደረግ? የክላሲክ ጊታር ናይለን ክር አንድ ፓኬት ይገዛ፤ ውስጡ ካሉት ስድስቱ 4ኛ፣ 3ኛ፣ 2ኛና 1ኛው ክሮች ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ናቸው፤ በቀጥታ ይገባሉ። የጊታሩ የክር ርዝመት 65 ሴንቲ ሜትር፣ የባሪቶኑ 51 ገደማ ስለሆነ ግን በዚያው ድምፅ ላይ ውጥረቱ ወደ 60 በመቶ ይወርዳልና ለጣት ላላ ይላል። ስለዚህ ከናይለኖቹ ውስጥ «ሃርድ ቴንሽን» (ጠንከር ያለ ውጥረት) የተባለውን መምረጥ ይሻላል። የብረት ክር በፍጹም አይገባም። ብረት ናይለን ከሚስበው ወደ ዕጥፍ የሚጠጋ ኃይል ይስባል፤ የባሪቶን ገላ ደግሞ ስስ ነው፤ በጥቂት ቀን ውስጥ የፊቱ ጣውላ ከብሪጁ ኋላ ይነፋል። ለጥገና ከሚመጡልን ሁሉ እጅግ የሚያሳዝነን ይህ ነው፤ የተሰነጠቀ ስስ ጣውላ እንደነበረ አይመለስምና።

አስተሳሰሩም ይታወቅ። ብሪጁ ክር የሚታሰርበት ዓይነት ከሆነ፣ ክሩ በቀዳዳው ከድምፅ ሳጥኑ አፍ በኩል ገብቶ በኋላ ይወጣል፤ ተመልሶ በራሱ ሥር ይዞራል፤ ከዚያ ጫፉ በገዛ ዙሩ ሥር ይሸጎጣል። ለወፍራሞቹ አንድ ዙር ይበቃል፤ ለቀጭኖቹ ሁለት ይሁን። ወሳኙ ነገር የመጨረሻው ሽጉጥ ከብሪጁ ኋላ ጠርዝ በታች ማረፉ ነው። ላይኛው ጠርዝ ላይ ከቀረ ሲወጠር ሾልኮ ይወጣል፤ ሲሾልክም ጫፉ የፊቱን ጣውላ ይቆነጥረዋል። የመቃኛ ቁልፉ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዙር፣ እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው በታች እየተደረደረ ይጠምጠም።

ሱቅ ውስጥ ምን ይታይ? መጀመሪያ አንደኛውን ክር 1ኛው ፍሬትና አንገቱ ከገላው የሚገናኝበት ፍሬት ላይ አንድ ላይ መያዝና መሃሉን ማየት። በክሩና በመሃል ፍሬቶቹ መካከል ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ አንገቱ ደህና ነው፤ በሰፊው ከከፈተ ጎብጧል። ቀጥሎ ክሩን በ2ኛውና በ3ኛው ፍሬት መካከል ተጭኖ 1ኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት ማየት፤ የወረቀት ያህል መሆን አለበት። ሰፊ ከሆነ ነቱ፣ ማለትም በአንገቱ ጫፍ ቦይ ያላት ቁራጭ፣ ከፍ ብላለች። ያኔ ባዶ ክሩ ልክ ሆኖ ሳለ 1ኛና 2ኛ ፍሬት ላይ የሚያዝ ኮርድ ሁሉ ከፍ ብሎ ይጮኻል፤ ብዙ ሰው ይህን ነው «አልቃኝ አለ» የሚለው። ከዚያ እያንዳንዱን ክር ባዶውንና 12ኛው ፍሬት ላይ በመቃኛ ማነጻጸር፤ 12ኛው ያንኑ ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጎ መስጠት አለበት። በ12ኛው ፍሬት አናትና በክሩ ሥር መካከል ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢኖር ለጣት ይመቻል። የወረቀት ማዕዘን ከብሪጁ ኋላ ጠርዝ ሥር ለማስገባት መሞከርም አይርሱ፤ ከገባ ኮላው መልቀቅ ጀምሯል፤ ያንን አይግዙ።

እንጨቱ ሙሉ ጣውላ ነው ወይስ ኮምፔንሳቶ የሚለው ጥያቄ በድምፅ ቀዳዳው ጠርዝ ይመለሳል። የፊቱ መስመር በውፍረቱ ላይ ሳይቋረጥ ወደ ታች ከቀጠለ ሙሉ ጣውላ ነው፤ ንብርብር ከታየ ኮምፔንሳቶ ነው። ሙሉ ጣውላ ድምፁ የበለጠ ይከፈታል። ለጀማሪ ግን፣ በተለይ በበጋው ደረቅ አየር፣ በደንብ የተሠራ ኮምፔንሳቶ እኛ እንመርጣለን፤ አይሰነጠቅምና።

ከአዲስ አበባ ገዝቶ የሚያመጣ ሰው የዓባይን በረሃ ያስብ። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን እስኪወጣ ድረስ መኪናው ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከቆላ ወደ ደጋ ይሄዳል። የአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ወይም ሞተር አጠገብ የተቀመጠ መሣሪያ ኮላው በሙቀት ይለሰልሳል፤ ክሩ እንደተወጠረ ከሆነ ብሪጁን ይዞት ይነሣል። ክሮቹን በሁለት ሙሉ ድምፅ ያህል ማላላት፣ መሣሪያውን ጭን ላይ ወይም ውስጥ ካለው መደርደሪያ ላይ ማድረግ፣ ክሮቹ የሚርገበገቡበትን ቦታ በጨርቅ መጠቅጠቅ ይበቃል። ማታ ደብረ ማርቆስ ሲደርሱም ቶሎ አይክፈቱት። 2400 ሜትር ላይ ያለው ብርድ ሞቆ የመጣን ቫርኒሽ በደቃቁ ሊሰነጣጥቀው ይችላል። ከነቦርሳው አንድ ሁለት ሰዓት ይረፍ።

ከዚያ በኋላ የሚወስነው ወቅቱ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ጊዜ እንጨት ይሸማቀቃል። ምልክቱ በእጅ ይታወቃል፤ የአንገቱን ጎን በጣት ሲዳስሱ የፍሬቶቹ ጫፎች ይቧጭራሉ። የፊቱ ጣውላ ዝቅ ስለሚል ክሮቹ ፍሬቱን እየነኩ ይንዘረዘራሉ። ቀዳዳ ያለው የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ ውኃው ተጨምቆ የወጣ እርጥብ ስፖንጅ አድርጎ፣ እንጨቱን ሳይነካ ቦርሳው ውስጥ ማስቀመጥና በየሦስት አራት ቀኑ ማርጠብ ይረዳል። ከሰኔ ጀምሮ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ ክሩ ከፍ ይላል፤ ድምፁም ይታፈናል። ያኔ ስፖንጁ ይውጣ፤ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙት እርጥበት መጣጭ ትናንሽ ከረጢቶች ሁለት ሦስቱ ይግቡ።  በሁለቱም ወቅት ምድጃ ያለበት ግድግዳና ፀሐይ የሚመታው መስኮት ቦታው አይደለም።

ሳድሉ፣ ብሪጁ ላይ ክሮቹን የተሸከመችው ቁራጭ፣ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው። ሀገራችን የበሬ አጥንት አላጣችም፤ ጥሩ አጥንት ከጥሩ ፕላስቲክ ይበልጣል። የበሬ የእግር አጥንት ተቀቅሎ ስቡ እስኪወጣ ጸድቶ፣ በሚገባ ደርቆ፣ በመጋዝ ተቆርጦ በሞረድ ይቀረጻል። ከዚያ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ በተነጠፈ ብርጭቆ ወረቀት፣ በ220 ተጀምሮ በ400 ተጨርሶ፣ ሥሩ ፍጹም ቀጥ እስኪል ይላጋል። ክሩን 12ኛው ፍሬት ላይ በ1 ሚሊ ሜትር ለማውረድ ከሳድሉ ሥር 2 ሚሊ ሜትር ይነሣል። ጥቂት ጥቂት እየላጉ መለካት ነው፤ የተነሣው አይመለስም። ብሪጁ ከለቀቀ ግን ሱፐር ግሉ አይነካው። አሮጌው ኮላ ተፍቆ፣ የእንጨት ኮላ ተቀብቶ፣ በሞርሳ ተይዞ 24 ሰዓት ይቆይ።

ከማሲንቆ ጋር መጫወት የሚፈልግ ካፖ፣ ማለትም ክሮቹን ሁሉ አንድ ፍሬት ላይ የሚጫን መቆንጠጫ፣ ይያዝ። ማሲንቆው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ስለሚቃኝ ባሪቶኑ ነው የሚከተለው። ካፖ 2ኛው ፍሬት ላይ ሲገባ የጂ ትዝታ በዚያው አያያዝ የኤ ትዝታ ይሆናል፤ 3ኛው ላይ ቢ ፍላት፣ 5ኛው ላይ ሲ። የጊታር ካፖ ይሠራል፤ ከባድ ከሆነ ግን አንገቱን ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ለጠፍጣፋ አንገት የተሠራ ቀላል ካፖ ይፈለግ።

ለሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴዎቻችን አንድ ልመና አለን። ባሪቶኑን «ትንሽ ጊታር ነው» ብላችሁ ከብረት ክር ጋር አትሽጡ። ከመሣሪያው ጎን የክላሲክ ጊታር ናይለን ክር አብራችሁ አስቀምጡ፤ ቦርሳው ላይም ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ብላችሁ በማይለቅ ቀለም ጻፉበት።

ከአክብሮት ጋር
የክራርና ጊታር መምህራንና ጠጋኞች፣ ከደብረ ማርቆስ